የዘንድሮ ሽመል

በመሥሪያ ቤታችን ከእኔ የባሰ ሥራ ያለው ሰው የለም። ሌላው ውሸቱን በአፉ ይናገራል፣ እኔ ደግሞ ፎቶ አነሣዋለሁ። ሃብታሙ እባላለሁ። ማዕረጌ «የኮሙኒኬሽን ባለሙያ» ይባላል፤ አሶሳ ውስጥ ስሙን የማልጠራው አንድ ቢሮ ካሜራ ተሸካሚ ነኝ። አባቴ በሰባ ሰባቱ ድርቅ ከወሎ ተጭኖ የመጣ ሰፋሪ ነው። እኔ እዚሁ አምባ ውስጥ ተወልጄ፣ ማንጎ ዛፍ ላይ ስንጠላጠል ነው ያደግሁት። ይህን የምናገረው «የአገሩን ነገር አያውቅም» እንዳትሉኝ ነው። ግን የአገሩን ነገር አላውቅም ነበር። ያወቅሁት ባለፈው ኅዳር ከአንዲት አጥር ሠሪ ነው፤ ያወቅሁበት መንገድ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ነገሩ የኮማንደር ሙንታሲር ነው። ሙንታሲር ከሦስት ዓመት በፊት አርባ ታጣቂ አስከትሎ በኩርሙክ በኩል ከሱዳን ገባ። ጫካ አብረውት የከረሙትን ጓዶቹን፣ የተደበቁበት ጉድጓድ ድረስ እየመራ አንድ በአንድ ያስያዘ ሰው ነው። ለዚህ ውለታው አበባ በአንገቱ ተደረገለት፣ በሬ ታረደለት፣ አርባው ታጣቂ ሚሊሻ ተባለ፣ እሱም የሚሊሻ አዛዥ ተደረገ። ፎቶውን ያነሣሁት እኔ ነኝ። ጓዶቹን የሸጠ ሰው ቀጥሎ ማንን ይሸጥ ይሆን ብሎ የጠየቀ ግን አልነበረም። ቀጥሎ የሸጠው የተወለደባትን መንደር ነው።

መንደሯ ኡርፋዲ ትባላለች። ከአሶሳ በኩርሙክ መንገድ ሁለት ሰዓት ያህል ተንገጫግጨን የምንደርስባት፣ ስልሳ ቤት የማይሞላባት የበርታ መንደር ናት። ከጀርባዋ ወንዝ አለ፤ በበጋ ሴቶቹ አሸዋውን እያጠቡ ወርቅ ያወጡበታል። ሙንታሲር ያንን ወንዝ ለራሱ ፈለገው። አለቃዬ አቶ ገላውም ከሙንታሲር ጋር ፈለገው። ስልሳ ቤት ሰው ከወንዙ የሚነሣው ደግሞ በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ሽፍታ ቀላቢ» ከተባለ።

በጥቅምት መጀመሪያ ሙንታሲር «ከኡርፋዲ ጀርባ የሽፍቶች ካምፕ አገኘሁ» ብሎ ሪፖርት አደረገ። ዐሥራ አንድ የሽመል ጎጆ። ሽመል የምንለው የቆላውን ቀርከሃ ነው፤ እኛ ዘንድ ቤቱም፣ አጥሩም፣ አልጋውም እሱ ነው። ሪፖርቱ «ካምፑ ከተሠራ ሁለት ዓመት ሆኖታል፣ የመንደሩ ሰዎች ይህን ሁሉ ጊዜ ሲቀልቡ ኖረዋል» ይላል። ዘጠኝ ወንዶች ታሰሩ። እኔ ተልኬ መቶ ሃያ ፎቶ አነሣሁ። ምድጃዎቹ ላይ አንድ ጉልቻ እንኳ ጥላሸት እንዳልነካው አይቻለሁ። አይቼም ዝም አልኩ፤ ዝምታ ከደመወዜ ጋር አብሮ የሚከፈለኝ ነገር ነው።

ኅዳር ላይ ከበላይ አንድ ልዑክ እንደሚመጣ ተነገረን። ረቡዕ ካምፑን አይቶ ይፈርማል። ከፈረመ ዘጠኙ ሰዎች በሽብር ተከሰው ወደ ሩቅ ይወሰዳሉ፤ ኡርፋዲም «ለራሷ ደኅንነት» በሳምንት ውስጥ ትነሣለች። የቀረው ያቺ ፊርማ ብቻ ነበረች።

ሰኞ ዓዲላ መጣች። የቢሯችን አጥር ሽመል ነው፤ ክረምቱ ስለሚያበሰብሰው በየዓመቱ ኅዳር ላይ ይታደሳል። የምታድሰው እሷ ናት። ባሏ ከሞተ ወዲህ ገጀራውን ወርሳ፣ ወንዶች የሚሠሩትን ሥራ ከወንዶች አብልጣ የምትሠራ፣ ዕድሜዋ ሃምሳ የሆነ የበርታ ሴት ናት። ከታሰሩት አንዱ፣ ጣሀ፣ ታናሽ ወንድሟ ነው። እናታቸው ሞታ በጀርባዋ አዝላ ያሳደገችው እሷ ናት። ይህንን አውቃለሁ።

የመጋዘን ቁልፍ ልትጠይቀኝ ስትገባ ለልዑኩ የሚታዩትን ፎቶዎች ኮምፒውተሬ ላይ እየመረጥኩ ነበር። ልዘጋው ይገባ ነበር። ያልዘጋሁት ስለናቅኋት ነው። አጥር ሠሪ ፎቶ አይታ ምን ታውቃለች ብዬ ነው።

«ይሄ የት ነው?» አለች ከጀርባዬ ቆማ።

«ካምፑ ነዋ፣ እትዬ ዓዲላ። የወንድምሽን ጉድ እዪው እንጂ።»

አልተቆጣችም። ጎንበስ ብላ ጣቷን ስክሪኑ ላይ አሳረፈች። «ይሄ ልጅ ነው።»

«የቱ ልጅ? ሰው የለበትም እኮ።»

«ሽመሉ። ሽመሉ ልጅ ነው። ዘንድሮ ክረምት ነው የተወለደ። ልብስ አለው፣ አየህ? ቡኒ ነው፣ ፀጉር አለው። ሁለት ክረምት ካየ ልብሱ ይወድቃል። ይሄ ቤት ሁለት ዓመት? ወላሂ፣ ሁለት ወር አይሞላም።»

አየሁት። በየአንጓው ላይ እንደ ጨርቅ የተጠመጠመ ቡናማ ሽፋን አለ። መቶ ሃያ ጊዜ አንሥቼው አንድ ጊዜ አላየሁትም። ዓዲላ እንደ ነገረችኝ፣ ሽመል በአንድ ክረምት ቁመቱን ይጨርሳል፤ ሥጋው ግን ገና ለጋ ነው። ለቤት የሚሆነው ሦስት ክረምት ካየ በኋላ ነው። ለጋው ከተቆረጠ ቤቱም ይበላሻል፣ ሥሩም ይደርቃል። ስለዚህ በእነሱ ዘንድ ልጅ አይቆረጥም። የቆረጠ ሽማግሌ ፊት ይቆማል።

«ታዲያ ሙንታሲርም በርታ አይደለም እንዴ? ይህን አያውቅም?» አልኳት።

«ሙንታሲር የዐሥር ዓመት ልጅ ሆኖ ካርቱም ሄደ። እሱ ጠመንጃ ያውቃል። ሽመል አያውቅም። ወታደሩንም እዚያው ከተማ ነው የሰበሰበው።» ቁልፉን ከጠረጴዛዬ ላይ አነሣች። ከዚያ ቀስ ብላ፣ ዓይን ዓይኔን እያየች፣ «ረቡዕ እንግዳው ይሄን ልብስ ካየ፣ ኻላስ። ሙንታሲር አለቀ» አለችና ወጣች።

እርዳኝ አላለችኝም። ለማንም አትንገር አላለችኝም። ይህ ያኔ አልከነከነኝም።

አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። የእኔ አፍ ግን አላመለጠኝም፤ በእግሬ ይዤው ሄድኩ። ልዑኩ ራሱ ቢያየውስ? «ፎቶ ያነሣኸው አንተ፣ እንዴት አላየህም?» የምባለው እኔ ነኝ። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ አቶ ገላው ቢሮ ቆሜ ነበር። ነገርኩት። ማን እንደነገረኝም ነገርኩት።

አቶ ገላው ድምፁን ከፍ አያደርግም፤ ሲቆጣም እንደ ንስሐ አባት ነው የሚያወራው። በሩን ዘጋ፣ ሙንታሲር ዘንድ ደወለ። «ልብስ አለው ይላሉ» አለ። «አዎ፣ ሽመሉ። ነገ አስወልቁት። ሁሉንም።» ስልኩን ዘግቶ ወደ እኔ ዞረ። «የድሮውን ፎቶ አጥፋ። ነገ ሄደህ አዲስ ታነሣለህ። ሴትዮዋ ምን ጠየቀችህ?»

«ምንም አልጠየቀችኝም።»

«ጥሩ። አጥሯን ትጨርስ።»

ማክሰኞ ካምፑ ስደርስ አርባው ሚሊሻ ጎጆዎቹ ላይ ተንጠላጥሎ ሽፋኑን በእጁ እየላጠ ነበር። ፀጉሩ እንደ ብናኝ አየሩ ላይ ይንሳፈፋል። ፀሐዩ ሰውን የሚጠብስ ነው፤ ላብ በላብ ሆነዋል። ሙንታሲር «ምን ያንቀራፍፋችኋል፣ ሴት ይመስል!» እያለ ይሰድባቸዋል። ሲዘገዩበት ራሱ እጅጌውን ጠቅልሎ ገባና ይገነጥል ጀመር። እኩለ ቀን ሳይሆን አንዱ አንገቱን ያካል፣ ሌላው ክንዱን ያካል። ሾፌራችን «እከክ ያዛቸው» ብሎ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። የተላጠውን ሰብስበው አቃጠሉት።

ልሄድ ስል ሙንታሲር ካሜራዬን በጣቱ ነካ አደረገው። «ይሄ ዓይን አለው» አለኝ። «አንተ የለህም። ገባህ?»

«ገብቶኛል፣ ኮማንደር።»

ቢሮ ተመልሼ የድሮዎቹን ፎቶዎች ከኮምፒውተሩ ላይ አጠፋሁ። መጀመሪያ ያነሣሁበት የካሜራ ካርድ ግን ከሞላ ቆይቶ ቦርሳዬ ኪስ ውስጥ ተጥሎ ነበር። እሱን ያላጠፋሁት ስንፍና ይዞኝ ነው። ጀግንነት ነው ብዬ ላወራው ሞክሬ አውቃለሁ፤ ማንም አላመነኝም።

ረቡዕ ጠዋት ልዑኩ በሦስት ላንድክሩዘር መጣ። መሪዋ ወይዘሮ ብዙወርቅ ይባላሉ፤ ቀጭን፣ ፊታቸው የማይፈታ፣ የከሰዓቱ አውሮፕላን እንዳያመልጣቸው ሰዓታቸውን በየደቂቃው የሚያዩ ሴት ናቸው። ዘጠኙ እስረኞች በካቴና ተያይዘው ፀሐይ ላይ ቆመዋል። የኡርፋዲ ሴቶች መንገዱ ዳር ተደርድረው ተቀምጠዋል። ዓዲላ መሐላቸው አለች።

ሙንታሲር በዚያ ሙቀት ኮቱን እስከ አንገቱ ቆልፎ፣ ጥቁር የቆዳ ጓንት አጥልቆ ነበር። ለክብር መስሎኝ ነበር።

«ክብርት ሆይ፣ የእናት ጡት ነካሾች መኖሪያቸው ይኸው» እያለ ከጎጆ ጎጆ አዞራቸው። ጎጆዎቹ ተላጠው ልስልስ ብለዋል። ወይዘሮ ብዙወርቅ አንዱን ምሰሶ በጣታቸው መታ አደረጉና ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። አቶ ገላው ወረቀቱን መኪናው ላይ ዘርግቶ እስክሪብቶውን ከፍቶ ጠበቃቸው።

ያኔ ዓዲላ ተነሣች። ሁለት እርምጃ ሳትሄድ አንድ ሚሊሻ በሰደፍ ደረቷን ገፋት፤ ወደቀች፣ የተከናነበችው ቶብ ከራሷ ላይ ተገፈፈ። ጣሀ «እህቴን!» ብሎ ጮኸ። በካቴና አብሮት የታሰረውን ሰው እየጎተተ ሊመጣ ሲል ሌላው ሚሊሻ አፉን በሰደፍ መታው። ደም አገጩ ላይ ወረደ።

«ተዋት!» አሉ ወይዘሮ ብዙወርቅ። ያዘኑ አይመስሉም፤ የተሰላቹ ነው የሚመስሉት። «ምንድን ነው የምትይው? ሁለት ደቂቃ አለሽ።»

«ክብርት፣ የእስረኛው እህት ናት» አለ አቶ ገላው። «አጥር ሠሪ ናት፣ ምንም—»

«እሷን ነው የጠየቅኋት።»

ዓዲላ ቶቧን ሳታነሣ ቀረበች። «ይሄ ሽመል ልጅ ነው» አለች። «ሁለት ዓመት የለውም። ዘንድሮ ነው የበቀለ። ልብስ ነበረው። ትናንት አወለቁት።»

«የቱ ልብስ?» አቶ ገላው ፈገግ አለ። «የት አለ? ያሳዩን እስቲ።»

«አቃጠሉት። ግን እጃቸው አለ።» ወደ ወይዘሮ ብዙወርቅ ዞረች። «የሽመል ልጅ ልብሱ ፀጉር አለው። በእጅ የነካ ሰው አራት ቀን ያካል፣ ቆዳው ይነሣል። ትልቁ ሽመል ፀጉር የለውም፣ ሰው አይበላም። ጣሀ ወር ሙሉ እስር ቤት ነው። የጣሀን እጅ እይ። ከዚያ የወታደሩን እይ።»

ዞር ብዬ አየሁ። ሁላችንም ዞርን። ጠዋት ሙሉ ፊታችን የነበረውን ነገር ያን ጊዜ አየነው፤ አርባው ሚሊሻ ቆሞ ያካል። ጣሀን የመታው ልጅ አንገቱን በጠመንጃው አፈሙዝ እያሸ ነበር። በፍርሃቴ መሐል ሳቅ ሊያመልጠኝ ሆነ።

ወይዘሮ ብዙወርቅ መጀመሪያ ወደ ጣሀ ሄዱ። በካቴና የታሰረውን እጁን ገልብጠው አዩ፤ ንጹሕ ነው። ከዚያ ወደ መጀመሪያው ሚሊሻ ሄዱ። «እጅህን።» ቀይ ነው፣ ችፍ ብሏል። ሁለተኛው፣ ሦስተኛው፣ ስድስተኛው። ሰዓታቸውን ማየት ተዉ። መጨረሻ ላይ ሙንታሲር ፊት ቆሙ።

«ጓንትህን አውልቅ።»

«እኔ የሚሊሻ አዛዥ ነኝ፣ ክብርት።»

«አውልቅ አልኩህ።»

ሙንታሲር እጁን ሽጉጡ ላይ አሳረፈ። የሴትዮዋ አጃቢዎች ጠመንጃቸውን አቀባበሉ። ካካካ ሲል ወደ ኋላ አፈገፈግሁ። ሙንታሲር ግን እነሱን አላያቸውም፤ ዓዲላን ነው የሚያየው። በበርታኛ አንድ ነገር ወረወረባት። የማውቀው በርታኛ ጥቂት ቢሆንም ይህን ለመስማት በቂ ነው፤ «የአባትሽን ቤት ከነልጆቹ አቃጥለዋለሁ» ነው ያላት።

እሷ በአማርኛ መለሰችለት፤ ሁሉም እንዲሰማ። «አቃጥል። ያንተም ቤት እዚያ ነው። እናትህ እዚያ ነው የወለደህ።»

«ይህ የአካባቢው ሣር ነው!» አለ አቶ ገላው። ድምፁ ለመጀመሪያ ጊዜ ከፍ አለ። «አለርጂ ነው፣ ክብርት! ጫካ የዋለ ሁሉ ያካል። ልብስ የሚባል ነገር አልነበረም!»

ወይዘሮ ብዙወርቅ ዙሪያቸውን ቃኙና ዓይናቸው እኔ ላይ አረፈ። «አንተ ባለ ካሜራ። ካምፑ ሲገኝ ያነሣኸው ፎቶ አለ?»

«ተበላሽቷል» አለ አቶ ገላው በእኔ ፈንታ።

«እሱን ነው የጠየቅሁት።»

አቶ ገላው አየኝ። ሙንታሲር አየኝ። ዓዲላም አየችኝ፤ ግን አልለመነችኝም። ብትለምነኝ ይሻል ነበር። እውነቱን ልናገር፤ እዚያ ቆሜ ያሰላሁት ማን እንደሚያሸንፍ ነው። ጠመንጃ ያቀባበሉት የሴትዮዋ ሰዎች ናቸው፤ ሙንታሲር ጓንቱን ማውለቅ ፈርቷል። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል፤ የእኔም ውሸት ያን ሰዓት አለቀብኝ። ቦርሳዬን ከፈትኩ፣ ካርዱን አውጥቼ ካሜራው ውስጥ ከተትኩት።

«አለ» አልኩ። «ቀኑም አለበት።»

ወይዘሮ ብዙወርቅ ካሜራውን ይዘው አንዱ ጎጆ ፊት ቆሙ። ያው በር፣ ያው ምሰሶ። ከወር በፊት ሽፋን አለው፤ ዛሬ ተልጧል። ደጋግመው ፎቶውንም ጎጆውንም አዩ። ከዚያ አቶ ገላው የዘረጋውን ወረቀት አንሥተው ለአራት አጠፉትና ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት። እስክሪብቶውን መለሱለት።

የሙንታሲርን ሽጉጥ አጃቢዎቹ ቀሙት። ጓንቱን አንዱ ወታደር እየጎተተ ሲያወልቅ ሙንታሲር ጮኸ፤ ጣቶቹ እንደ ቲማቲም ቀልተው አብጠዋል። ከሚሊሻዎቹ አንዱ ሳይጠየቅ «እኛ ታዘን ነው! ታዘን ነው የሠራነው!» ማለት ጀመረ። የኡርፋዲ ሴቶች ያን ጊዜ ተነሡ። እልል አላሉም። መጥተው በእስረኞቹና በሚሊሻው መሐል ቆሙ።

ሁሉ ነገር ጸዳ ማለት አይደለም። ዘጠኙ ሰዎች «ለማጣራት» እየተባለ ዐሥር ቀን ተጨማሪ ታስረው ተፈቱ። ጣሀ ሁለት ጥርሱን አጥቷል። ሙንታሲርን የት እንደወሰዱት ሰምቼ አላውቅም። አቶ ገላው ወደ ሌላ ዞን ተዛወረ፤ ቢሮው ከድሮው ይሰፋል ይላሉ። ሪፖርቱን የጻፍኩት እኔ ነኝ። «መሥሪያ ቤታችን ባደረገው ጥብቅ ክትትል ሴራው ሊከሽፍ ችሏል» ይላል። የዓዲላ ስም አንድ ቦታ የለም። እንድከተው አልተፈቀደልኝም፤ እውነት ለመናገር፣ ይከተት ብዬም አልተከራከርኩም።

ኡርፋዲ ግን አልተነሣችም። ወንዙም የሴቶቹ ነው።

በሳምንቱ ዓዲላ አጥሩን ልትጨርስ መጣች። በመስኮት እያየኋት ሁለት ቀን ካቅማማሁ በኋላ ወጣሁ። ምስጋናም ፈልጌ ነበር፣ ይቅርታም። ሁለቱን አንድ ላይ የሚፈልግ ሰው ሞኝ ነው።

«እትዬ ዓዲላ» አልኳት፣ «ሰኞ ዕለት የነገርሽኝን ለአቶ ገላው የነገርኩት እኔ ነኝ። ይቅር በይኝ።»

ሽቦውን በጥርሷ ይዛ ነበር፤ አውጥታ «አውቃለሁ» አለች።

«መቼ አወቅሽ?»

«ሳልነግርህ በፊት።» ሽመሉን ከሽመሉ ጋር አጣብቃ አሰረችው። «እንግዳው ልብሱን ቢያይ ምን ይሆናል? ገላው፣ ጣሀ ነው የሠራው ይላል። ካምፑ አዲስ ነው፣ ግን የጣሀ ነው ይላል። ወረቀት ይቀይራል። እጃቸው ላይ ከሆነ ግን የት ይወስዱታል? በእጃቸው ይንኩት ብዬ ፈለግሁ።» ሽቦውን ጠመዘዘችው። «ሦስት ዓመት አጥር ሠራሁ፣ በገላው መስኮት ሥር። ገላው ጋ ምን እንደምትናገር ሰማሁህ። የአስተናጋጇን ነገርክ፣ የሾፌሩን ነገርክ። አንተ ሮጠህ ትናገራለህ። ለዚህ ነው የነገርኩህ።»

እሷን ንቄ ኮምፒውተሬን ሳልዘጋ፣ እሷ እኔን አንብባ ጨርሳ ነበር። መሣሪያዋ ገጀራው ሳይሆን እኔ ነበርኩ።

«ካርዱንስ?» አልኳት። «ካርዱን እንደምሰጥስ አውቀሽ ነበር?»

ከሥራዋ ቀና ብላ አየችኝ።

«እሱን አላወቅሁም» አለች።

ሌላ ነገር የምትጨምር መስሎኝ ቆሜ ጠበቅሁ። እሷ ሌላ ሽመል አነሣች፣ አንጓውን በመዳፏ ዳሰሰች፣ ሦስት ክረምት ማየቱን አረጋገጠች።

«ፀሐይ ከለልክብኝ» አለችኝ። «ዞር በል።»